እግር የሌለው መንገደኛ

ማታ ላይ ነው የመጣ፤ ዊብረን ዝናብ ለብሶ፣
ባንድ ፌስታል ቅጠል ከነዘንጉ ቀንጥሶ፤
ከናልድቬይክ ወዲህ ካለው ብርጭቆ ቤት፣
አራት ሄክታር ቲማቲም ከታመመበት።

በሩን በክርኑ ገፋ፤ እጁን ከኪሱ አላወጣ፤
«ግድግዳ አለው አይደል?» አለኝ። «ታዲያ በየት መጣ?»

ግድግዳማ አለው። እኔም ተማሪ ሳለሁ
አራት ማዕዘን ስዬ፣ መሃሉን በእርሳስ ሞልቼ፣
«ይህ ሴል ነው» ብዬ ነበር፤ ዘጠኝ ከአስር አምጥቼ።

ና፣ ቁጭ በል። መብራቱን አጥፍቻለሁ፤
ዓይንህ ጨለማውን ይልመድ፤ እጠብቃለሁ።
ይህ ያንተ ሳይሆን የኔ ቅጠል ነው፤ ቀለም የገባበት፤
በሽታው ግን ዘመድ ነው፤ ያው ዘር አለበት።

አየኸው አረንጓዴ ክር? እንደ ሸረሪት ድር፣
ሲሻው የሚገመድ፣ ሲሻው የሚተረተር።
የህዋስ አጽም ይባላል፤ ማን ስም እንዳወጣለት!
አጽምስ የሙት ነገር ነው፤ ይህ ግን ሕይወት አለበት፤
ይሠራል፣ ይፈርሳል፣ ይሠራል ባንድ ደቂቃ፣
ዕረፍት የለው፣ ሲነጋ ሲመሽ እንደነቃ።
በላዩ ተሸካሚዎች አሉ፣ ሁለት እግር ያላቸው፣
አንዱን ሲያነሱ አንዱን የሚተክሉ፤ ሚዮሲን ነው ስማቸው።
ቅጠል ዝም ያለ ይመስልሃል? ተው፣ አትበል እንዲያ፤
ውስጡ የአበባ ጨረታ ነው፤ የማለዳ ገበያ።

አሁን ቀዩን ነጥብ እየው።
ብጣሽ ደብዳቤ ነው እንጂ፣ በፕሮቲን የተጠቀለለ፣
ላገኘው ሁሉ «ገልብጠኝ፣ ገልብጠኝ» እያለ።
እግር የለውም፤ የሰው ትከሻ ግን ያውቃል፤
ከተሸካሚው ተዳብሎ ግድግዳው ጥግ ይደርሳል።
እዚያ ቀዳዳ አለ፤ ጠባብ፤
ጎረቤት ከጎረቤት ጨው የሚዋዋስበት።
እሱን አያስገባውም። ስለዚህ ሎሌ ያስቀድማል፣
በረኛውን የሚያግባባ፤ «ዘመድ ነን» ይላል፣
በሩ ወለል ይላል።

ዊብረን ቀና አለ። ብዙ ዝም አለ።
«ሐዲድ አለኝ» አለ ኋላ። «በየተርታው መሃል ሁለት ቧንቧ፣
ሙቅ ውሃ የሚሄድበት፤ ላዩ ላይ ጋሪ።
ልጄ ፎክየ ናት የምትገፋው፣ ፍሬ እየጫነች።
የታመመውን ግንድ ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት ሳደርግ
መስመር ሆነ፤ ቀጥ ያለ።
ጋሪዋን ተከትሎ።»

ከዚያ፦ «ቁረጪው ታዲያ። መንገድ ከሌለ መንገደኛ የለ።»

ይቻላል። ከባሕር ሰፍነግ የተገኘ መድኃኒት አለ፤
ጠብ አደረግሁ።
አረንጓዴው ድር ሳሳ፣ ጉም ሆነ፣ ጠፋ፤
ቀዩ ነጥብ መሄጃ አጥቶ ባለበት ተደፋ።
«ቆመ!» አለ ዊብረን፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ደግመህ እይ» አልሁት። «የቆመው እሱ ብቻ ነው?»

ገበያው ተፈቷል። እሽጉ መሃል መንገድ ወድቋል።
ብርሃን የሚበሉት እንክብሎች፣ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ፣
በያሉበት ተዘርረዋል።
ደግሞ (ይህን አልደብቅህም) ሁሉም ቫይረስ አንድ አይደለም፤
አንዳንዱ ክሩ ሲበጠስ በሩ ይላላለታል።
ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ከሃርመን ጋር ዛሬም እንከራከራለን።

ዊብረን አልመለሰልኝም።
ኮፍያውን ደፍቶ፣ «ሐዲዱን ልነቅለው ነበር» አለ።
«እናጥበዋለን እንግዲህ። በብሩሽ። ቧንቧ በቧንቧ።»
ፌስታሉን ረስቶት ሄደ።

እኔም ቅጠሌን በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከጉሙ መሃል፣ አንድ ክር፤
ቆይቶ ሌላ፤ ከዚያ አንዱ ተሸካሚ እግሩን አነሳ፤
ገበያው ሲንጫጫ የሰማሁ መሰለኝ፤
ቀዩም አብሮ ተነሳ።

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ
ጓንቴን አወለቅሁ፣ እጄን ሁለቴ ታጠብሁ፣
በሩን በክርኔ ገፍቼ ወጣሁ።